የሙቅ ውሃ ሂሳብ በአሶሳ

ከአየር ላይ ሙቀት ለቅሞ ውሃ የሚያሞቀው ሂት ፓምፕ የመብራት ወጪን ወደ ሲሶ ያወርዳል ይባላል። የህዳሴ ግድብ በተገነባበት ክልል፣ ዓመቱን ሙሉ ውርጭ በማታውቅ ከተማ፣ ይህ አባባል በብር ሲሰላ ምን ይመስላል?

በየክፍሉ አንድ ቦይለር

አሶሳ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ፀሐይ ወጥታለች፣ ባጃጆች መንገዱን ይዘዋል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሹራቡን ሻንጣ ውስጥ ትቶ የሚወጣበት አየር ነው። ከከተማዋ ሆቴሎች በአንዱ ግን የእንግዳ መቀበያው ስልክ ይጮኻል። ከላይኛው ፎቅ ነው፤ ሻወሩ አልሞቀም። የምትቀበለው ልጅ ይቅርታ ጠይቃ፣ ማብሪያውን ተጭነው ግማሽ ሰዓት እንዲታገሡ ትነግራቸዋለች። እንግዳው ስብሰባ አለባቸው፤ አይታገሡም። ከእሳቸው ግድግዳ ወዲያ ባለው ባዶ ክፍል ደግሞ ሌላ ቦይለር ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል። ትናንት ክፍሉን የለቀቀው ሰው ሳያጠፋው ሄዷል።

እንዲህ ያለ ሆቴል የምታስተዳድር ሴት ነገሩን በአጭሩ ትቋጨዋለች። «እዚህ ሰው ሙቅ ውሃ የሚጠይቀው በርዶት አይደለም፤ ስለከፈለ ነው።»

እውነቷን ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባህር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቆላም ደጋም ያልሆነች፣ ወደ ቆላ ያዘነበለች ከተማ ናት። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ በመሆኗ የመንግሥት ስብሰባ አያጣትም። ወርቅና እብነ በረድ የሚፈልግ ነጋዴ ይመጣባታል። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ በኋላ ደግሞ በኩርሙክ በኩል የሚሻገሩትን ስደተኞች የሚረዱ ድርጅቶች ሠራተኞች ይመላለሱባታል። እነዚህ ሁሉ ሆቴል ያርፋሉ፤ ሆቴሉም ለእያንዳንዳቸው ሙቅ ውሃ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት።

አዘገጃጀቱ ከአዲስ አበባ የተቀዳ ነው፤ ለእያንዳንዱ መታጠቢያ ቤት አንድ ባለ 50 ሊትር ቦይለር፣ ከበሩ አጠገብ ቀይ መብራት ያላት ማብሪያ። ሠላሳ ክፍል ካለ ሠላሳ ቦይለር ማለት ነው። እያንዳንዱ 1,500 ዋት ገደማ ይስባል። ጠዋት እንግዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ 45 ኪሎዋት ተጠየቀ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የወጥ ቤቱ ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያውና የውሃ ፓምፑ ሳይቆጠር ነው።

በዚህ ሥራ የቆየ ኤሌክትሪሺያን በበኩሉ ቦይለር ላይ ክፉ አይናገርም። «ቦይለር ሞኝ ነው፤ ሞኝ በመሆኑ አይበላሽም» ይላል። ውስጡ አንድ የሚግል ብረት፣ አንድ ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ሌላ ምንም የለውም። ብረቱ ሲቃጠል በሌላ ይተካል። መለዋወጫው በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ይገኛል። የቮልቴጅ መውረድ አይጎዳውም፤ ማሞቁን ቀስ ያደርገዋል እንጂ። እንግዲህ ሂት ፓምፕ የሚመጣው ይህንን ሞኝ ዕቃ ሊተካ ነው።

ፍሪጅን ገልብጠው ያስቡት

የቤትዎ ፍሪጅ ጀርባ ለምን እንደሚሞቅ አስበው ያውቃሉ? ፍሪጅ ብርድ አይሠራም። ውስጥ ካለው ምግብ ሙቀት እየቀዳ ወደ ውጭ ይጥላል፤ የጣለው ሙቀት ነው ከጀርባው የሚሰማዎት። ሂት ፓምፕ ይኸው ማሽን ነው፤ ልዩነቱ የምንፈልገው ወገን መቀየሩ ብቻ ነው። ከሳሎኑ ወይም ከግቢው አየር ሙቀት ይቀዳል፣ ሙቀቱን የተሸከመውን ጋዝ በኮምፕረሰር ጨምቆ እንዲግል ያደርገዋል፣ ከዚያ በውሃ ታንከሩ ላይ በተጠመጠመ ቱቦ አሳልፎ ሙቀቱን ውሃው ላይ ያራግፋል። በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ በዝቅተኛ ሙቀት የሚተን በመሆኑ፣ ለእኛ ለብ ያለ ብቻ የሆነው የአሶሳ አየር ለእሱ የሚያፈላ እሳት ነው።

ወጪ የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ቦይለር አንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ወስዶ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ መስጠት በተፈጥሮ ሕግ አይቻለውም። ሂት ፓምፕ ግን መብራቱን የሚያውለው ሙቀት ለመፍጠር ሳይሆን ያለውን ለማጓጓዝ ነው። በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ውሃው ውስጥ ይገባል። ሰው ይህን ሲሰማ ማጭበርበር ይመስለዋል። ከሻጭ አፍ ብቻ የሰማው ሰው ቢጠራጠርም አይፈረድበትም።

ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ሎርድ ኬልቪን በመባል የሚታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1852 ማቀዝቀዣ ማሽን ለማሞቂያም ሊያገለግል እንደሚችል በጽሑፍ አስቀምጧል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ፒተር ፎን ሪቲንገር ኤበንዜ በተባለ ቦታ ካለ የጨው ማምረቻ እንፋሎትን ጨምቆ መልሶ በመጠቀም ሐሳቡን ወደ ሥራ ቀየረው። ወደ መታጠቢያ ቤት በብዛት የገባው ዘግይቶ ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2001 ኢኮኪዩት በሚል ስም ያወጡት፣ ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆነ የውሃ ማሞቂያ ዛሬ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ቤቶች ይገኛል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ደቡብ አፍሪካ ነው። እዚያ የመብራት እጥረት ሲበረታ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ኤስኮም ራሱ፣ ቦይለራቸውን በሂት ፓምፕ ለሚቀይሩ ቤቶች ድጎማ እስከ መክፈል ደርሶ ነበር። መብራት ሻጩ ደንበኛው መብራት እንዲቀንስለት ገንዘብ ሲሰጥ ማየት ብርቅ ነው። ሲቸግር ግን አዲስ ጣቢያ ከመገንባት ይረክሳል።

አየሩ የተመቸለት ከተማ

በአውሮፓ የሂት ፓምፕ ፈተናው ክረምት ነው። የውጭው አየር ከዜሮ በታች ሲወርድ ማሽኑ የሚቀዳው ሙቀት ያንሳል፣ ቱቦው ላይ በረዶ ይጋገራል፤ በረዶውን ለማቅለጥም መብራት ይበላል። አሶሳ ይህ ችግር የለባትም። የካቲትና መጋቢት ላይ ቀኑ ያቃጥላል፤ በክረምትም ሌሊቱ ቢቀዘቅዝ ውርጭ አይደርስም። ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ በሚወደው አየር ይሠራል ማለት ነው።

ዝናቡም ቢሆን ጠላቱ አይደለም። ከግንቦት እስከ ጥቅምት አካባቢ በሚዘልቀው ዝናባማ ወቅት አየሩ እርጥብ ነው። እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን የማሽኑ ቱቦ ሲነካ ወደ ውሃ ጠብታ ይለወጣል፤ ሲለወጥ ደግሞ በውስጡ ይዞት የነበረውን ሙቀት ይለቃል። ያ ሙቀት ለማሽኑ ትርፍ ነው። ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያየ ባለቤት «አፈሰሰ» ብሎ ቴክኒሻን እንዳይጠራ እንጂ።

በሻጮች በራሪ ወረቀት ላይ ከሥር በትንሹ የሚጻፍ፣ ለአሶሳ ግን በትልቁ መጻፍ ያለበት አንድ ነገርም አለ። ሂት ፓምፕ ከአየር ላይ ሙቀት ሲቀዳ የሚተፋው አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ማሽኑን ሰው ከማይተኛበት ግን መቀዝቀዝ ከሚገባው ክፍል፣ ለምሳሌ ከሆቴሉ የመጠጥና የአትክልት መጋዘን ወይም ምድጃው ከሚያፍነው ወጥ ቤት ጋር ካገናኙት፣ ውሃውን ሲያሞቅ ክፍሉን ያቀዘቅዛል። በአንድ ክፍያ ሁለት ሥራ። ስዊድን ውስጥ ይህ ቀዝቃዛ አየር በክረምት የቤቱን ማሞቂያ የሚሻማ ችግር ነው፤ አሶሳ ላይ በመጋቢት ቀትር ማን ይጠላዋል?

የውሃውም መነሻ ሙቀት ለሂሳቡ ያግዛል። አዲስ አበባ ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። አሶሳ ላይ ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ በበጋ ቀትርማ ማሞቂያ ሳይነካው ለመታጠብ የሚበቃ ነው። ይህ ሁለት ስለት አለው። ማሞቅ ይረክሳል፤ ቀድሞውንም ርካሽ በሆነ ነገር ላይ ግን ውድ ማሽን ቢገዙ የሚቆጥቡት ያንሳል።



እስኪ በብር እንየው

መቶ ሊትር ውሃ ከ22 ወደ 55 ዲግሪ ለማሞቅ 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ይህ የውሃው ጠባይ ነው፤ የማሽን ስም አይቀይረውም። መቶ ሊትሩ በቀዝቃዛ ሲቀላቀል አራት አምስት ሰው በየቀኑ ያለ ስስት ሻወር ይወስድበታል። በወር 115 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። በሂት ፓምፕ ቢሆን፣ ሦስት እጥፍ ይመልሳል ብለን፣ 38 ገደማ ይሆናል።

አሁን ታሪፉ። በአገራችን የቤት መብራት ዋጋ ከአስር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ ከ2011 ጀምሮ በደረጃ እንዲጨምር ተደረገ። ያ ጭማሪ ሲያበቃ እንኳ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች ዋጋ እያንዳንዳቸው 27 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ከ100 እስከ 200 ለሚጠቀም 1 ብር ከ62 ሳንቲም ገደማ፣ ከ500 በላይ ለሚጠቀም ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። በዚያ ዋጋ የቤተሰባችን ሻወር በቦይለር 190 ብር ቢጠጋ፣ በሂት ፓምፕ 60 ብር ገደማ ነበር። የወሩ ቁጠባ ከጥቂት ማኪያቶ አይበልጥም። እንዲህ ሆኖ ማን ስለ ሂት ፓምፕ ይጠይቅ? ርካሽ መብራት ያለንን ያህል ብክነታችንም ርካሽ ነበር።

ይህ ዘመን አልፏል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ዋጋው በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ስለነበር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተመንድጓል። ሁለቱ ነገሮች ሂት ፓምፑን በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትቱታል። መብራቱ ሲወደድ ማሽኑ ያዋጣል፤ ዶላሩ ሲወደድ ማሽኑ ራሱ ይርቃል።

ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ስለሚቀየር እዚህ የማስቀምጠው ዋጋ ለስሌት ብቻ ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ነው እንበል፤ እርስዎ የራስዎን ደረሰኝ አውጥተው በዚያ ይተኩት። ቤተሰቡ በቦይለር 690 ብር፣ በሂት ፓምፕ 230 ብር ይከፍላል። የወሩ ቁጠባ 460 ብር። ይህ ቀላል ገንዘብ ባይሆንም ከውጭ የሚገባ፣ ኮምፕረሰር ያለው ማሽን ለመክፈል ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። በዚያ ላይ በአሶሳ ቤቶች መቶ ሊትር ሙቅ ውሃ በየቀኑ የሚያፈስ ቤተሰብ ስንቱ ነው? አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውሃ ገላ ለመታጠብ በሚበቃ መጠን ለማሞቅ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በባልዲና በጣሳ የሚታጠብ ቤት ሂት ፓምፕ ካለው ባለ ሻወር ጎረቤቱ ብዙም የራቀ ሂሳብ የለውም።

ሆቴሉ ጋ ሲመጣ ግን ቁጥሩ መልኩን ይቀይራል። ሠላሳ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር፤ 1,800 ሊትር ሙቅ ውሃ። ይህን ለማሞቅ በቀን 69፣ በወር 2,070 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። በሂት ፓምፕ 690። በዚያው በ6 ብር ስሌት የወሩ ልዩነት ከ8,000 ብር ይበልጣል፤ በዓመት መቶ ሺህ ብር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሆቴል የሚከፍልበት ታሪፍ ከቤት የተለየ ስለሆነ ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ድምዳሜው ግን አይናወጥም።

ይህ ሁሉ ሳይነካ የሚፈሰውን አልቆጠረም። መካከለኛ ጥራት ያለው ባለ 50 ሊትር ቦይለር ማንም ሳይጠቀምበት በርቶ ሲውልና ሲያድር በግድግዳው ብቻ 1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያባክናል። ሠላሳው ሁሉ በርቶ ከከረመ በወር 900 ነው። በእርግጥ ማዕከላዊ ታንከርም፣ ወደየክፍሉ የሚሄደው ቱቦም ሙቀት ያፈስሳሉ፤ ቱቦው ካልተሸፈነ እንዲያውም ከቦይለሮቹ ሊብስ ይችላል። ፀሐይና ዝናብ ላይ የተዘረጋ ራቁት ቱቦ ያየ ሰው ማሽኑን ከመውቀሱ በፊት ቱቦውን ይመልከት።

ግድቡ እዚህ፣ መብራቱ ወዲያ

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስለ መብራት ወጪ የሚወራበት ስሜት ከሌላው አገር ይለያል። ከአሶሳ በስተ ሰሜን፣ ጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠለት ታላቁ የህዳሴ ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 በመጀመሪያው ተርባይን ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ በይፋ ተመረቀ። ዐሥራ ሦስት ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም። በአሶሳ ሻይ ቤቶች ከዚህ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ «ግድቡ እኛ ጋ ሆኖ መብራት ለምን ይጠፋብናል?»

ጥያቄው የዋህ ቢመስልም መልስ አለው። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ወደ መሀል አገር፣ በዴዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ ይጓዛል፤ ሌላውም ወደ በለስ። አሶሳ የምታገኘው ደግሞ ከብሔራዊው መረብ ተመልሶ በምዕራብ ወለጋ በኩል በሚመጣ ረጅም መስመር ነው። ለውሃው ቅርብ የሆነ ሰው ለመስመሩ ሩቅ ሊሆን ይችላል። መስመር በረዘመ ቁጥር ዛፍ ይወድቅበታል፣ መብረቅ ይመታዋል። ጫፉ ላይ ያለ ደንበኛም የወረደ ቮልቴጅ ይደርሰዋል።

ለሂት ፓምፕ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቅድም ያልነው ሞኙ ቦይለር ቮልቴጅ ሲወርድበት ይታገሣል። ኮምፕረሰር አይታገሥም። ቮልቴጁ ሲወርድ ለመነሳት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ጠመዝማዛው ሽቦ ይቃጠላል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ደግሞ ውስጡ ያለው ግፊት ሳይረጋጋ ለመነሳት ይታገላል። ፍሪጁ በዚህ መንገድ የተቃጠለበት ሰው በየሰፈሩ አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ለሆቴል አስተዳዳሪዋ የሚነግራት ይህንኑ ነው። «እትዬ፣ ማሽኑን ብቻ አይደለም የሚገዙት። ቮልቴጅ የሚያስተካክልና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያስጠብቅ ዕቃ አብሮ ካልተገዛ፣ የቆጠቡት ገንዘብ ለአንድ ኮምፕረሰር ይሄዳል።»



ጄኔሬተር ሲገባ ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ የዚህ ሁሉ ሂሳብ እምብርትም እዚህ ነው። ብዙዎች የሙቅ ውሃ ወጪን በመብራት ደረሰኝ ብቻ ይለካሉ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ትልቁ ወጪ ያለው ናፍጣው ውስጥ ነው። አነስተኛ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። የሠላሳ ክፍሉን የአንድ ቀን ውሃ በጄኔሬተርና በቦይለር ማሞቅ 23 ሊትር ናፍጣ ይበላል፤ በሂት ፓምፕ 8 ሊትር አይሞላም። ከዚህም የሚብሰው አቅሙ ነው። 45 ኪሎዋት የሚጠይቁ ቦይለሮችን የሚሸከም ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ጥቂት ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የሚደረገው ቦይለሮቹን ከመስመር ማውጣት ነው፤ እንግዳውም በቀዝቃዛ ይታጠባል። 5 ኪሎዋት ብቻ የሚስብ ሂት ፓምፕ ግን ያንኑ ውሃ በአምስት ሰዓት ውስጥ አሙቆ በትልቅ ታንከር ያስቀምጣል። ሌሊት መብራት ባለበት ሰዓት ይሠራል፤ ጠዋት መብራት ቢጠፋ ውሃው ሞቆ ቆይቷል። ወጪ ቁጠባውን ትተን ለዚህ ብቻ እንኳ ባለሆቴል ጆሮውን ቢሰጥ አይበዛበትም።

እንጨት፣ ከሰል፣ ፀሐይ

እስካሁን የተናገርነው ቆጣሪ ስላለው ሰው ነው። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲሉ፣ ወደ ሆሞሻ ወይም ወደ ባምባሲ መንገድ፣ ውሃ የሚሞቀው በሦስት ጉልቻ ነው። ክልሉ በቆላ ቀርከሃው የታወቀ ነው፤ ቤቱም፣ አጥሩም፣ ጎተራውም ቀርከሃ ነው፤ ማገዶ ሲጠፋም ቀርከሃው ይማገዳል። የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት ዘንግ ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ሲሄዱ ያየ፣ ለአንድ ማሰሮ ሙቅ ውሃ የሚከፈለው ዋጋ ብር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ክፍት እሳት ከእንጨቱ ጉልበት ውስጥ አብዛኛውን ወደ ጭስና ወደ አየር ነው የሚልከው። ማሰሮው የሚደርሰው ከአስር እጅ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው።

በዚህ ቤት ሙቅ ውሃ ለሻወር አይደለም። ለአራስ ነው፣ ለሕፃን ገላ ነው፣ ወገቡ ለታመመ ሽማግሌ ነው። በከተማው ዳር የምትኖር የልጆች እናት ስለ ማሽኑ ተነግሯት የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሽሮዬንስ ያበስልልኛል?» አያበስልም። ስለዚህ ለእሷ የሚረባው የተሻሻለ ምድጃ እንጂ ሂት ፓምፕ አይደለም።

መሀል ላይ ያለውስ? ቆጣሪ ያለው፣ ቦይለር ያለው ወይም ሊገዛ የሚያስብ ደመወዝተኛ? ለእሱ የሂት ፓምፕ ዋና ተፎካካሪ ቦይለር አይደለም፤ ፀሐይ ናት። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ባለ መስታወት ቱቦ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ኮምፕረሰር የለውም፣ ጋዝ የለውም፣ ቮልቴጅ አይፈራም፤ በበጋ ወጪው ዜሮ ነው። ድካሙ ክረምቱ ነው። ሰማዩ ለቀናት ሲደፈን ውሃው ለብ ብሎ ይቀራል። የአሶሳ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። ሆኖም በዚያው ክረምት መለስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንደ መጠባበቂያ ቢጨመርበት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያስወጣው ከሂት ፓምፕ ብዙም አይበልጥም። ሲበላሽም የሰፈር ቧንቧ ሠራተኛ ይጠግነዋል።

የሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራ ወጣት በበኩሏ ለሁለቱም ጊዜ የላትም። የምትጠቀመው ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመውን ቅጽበታዊ ማሞቂያ ነው። ሲከፍቱት ያሞቃል፣ ሲዘጉት ይቆማል፤ ታንከር ስለሌለው ቆሞ የሚባክን ሙቀት የለም። ለአንድ ራስ አስር ሊትር ለብ ያለ ውሃ ብቻ ለሚያስፈልጋት ሴት ትክክለኛ ዕቃ ነው። ማሽኑ ለደቂቃዎች እስከ አምስት ኪሎዋት ስለሚስብ የሽቦው ውፍረትና መሬት የተቀበረው ሽቦ መኖር ግን ሊዘነጋ አይገባም። ርጥብ እጅና ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቁም።

ማን ይግዛው?

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አሶሳ ላይ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ሂት ፓምፕ ዛሬ አልመክርም። የሚቆጥበው መብራት እውነት ነው፤ የሚያሞቀው ውሃ ግን ትንሽ በመሆኑ ዋጋውን ሳይመልስ እርጅና ይቀድመዋል። ያለውን ቦይለር በሰዓት ማብራትና ማጥፋት፣ ሙቀቱን ከ75 ወደ 60 ዲግሪ ማውረድ፣ ወደ ሻወር የሚሄደውን ቱቦ መሸፈን ምንም ወይም ጥቂት ብር ጠይቆ የወጪውን ጥሩ ክፍል ይቀንሳል። ከ55 በታች ግን አያውርዱት፤ ለብ ባለ ቋሚ ውሃ ውስጥ ለሳንባ ምች የሚዳርግ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል።

ለሆቴል፣ ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤትና ወጥ ቤት፣ የልብስ ንጽህና ለሚሠራ ድርጅት ነገሩ ሌላ ነው። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ሊትር የሚያሞቅ ሁሉ ማሽኑን በቁም ነገር ሊያሰላው ይገባል። በተለይ አዲስ ሕንጻ የሚያሠራ ሰው፣ ቱቦው ከግድግዳው ሳይዘጋ በፊት ይወስን። በሠላሳ ቦይለር የተሠራን ሕንጻ ወደ አንድ ማዕከላዊ ታንከር መቀየር ግድግዳ ማፍረስ ነው፤ የዚያን ጊዜ ወጪው ከማሽኑ ይበልጣል።

ሊገዛ የቆረጠ ሰው ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቀው። ማሽኑ የሚሞላው የጋዝ ዓይነት አሶሳ ያሉ የፍሪጅ ጠጋኞች ዘንድ ይገኛል? ኮምፕረሰሩ የሚሠራው ከስንት እስከ ስንት ቮልት ነው? ሲበላሽ የሚመጣው ቴክኒሻን ከየት ተነስቶ፣ በማን ወጪ ነው? ከአዲስ አበባ አሶሳ ድረስ የሚመጣ ሰው የአውሮፕላን ትኬት የአንድ ወር ቁጠባ ሊበላ ይችላል። ለሦስቱም በጽሑፍ መልስ ካልሰጠ አይግዙት።